ውሃው ከሥር እስኪወጣ

እትዬ ሃሎ ሰውን መናቅ የተማሩት በጆሯቸው ነው። የሥራ ዘመናቸውን የጨረሱት በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የስልክ ኦፕሬተር ሆነው ስለነበር፣ ደዋዩ ገና አፉን ሲከፍት ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ይለዩታል። የሚቸኩለው ጥፋት ያለበት ነው። ጉሮሮውን የሚጠራርገው ሊዋሽ ነው። «እባክሽን የኔ እህት» ብሎ የሚጀምረው ደግሞ ትንሽ ካስጠበቁት የሚሳደበው እሱ ራሱ ነው። ሐኪሞቹንም ቢሆን በድምፃቸው መዝነው አስቀምጠዋቸው ነበር፤ ዋናውን ሐኪም «ያ ድስት ውስጥ ሆኖ የሚያወራው» ይሏቸዋል። ጡረታ ሲወጡ የሥራ ባልደረቦቻቸው አዋጥተው የእጅ ሰዓት ሸለሟቸው። እሳቸውም ሰዓቱን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ጥቂት አዳመጡና «ይሄም ይዋሻል» ብለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ስማቸውን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። በራቸው ሲንኳኳ እንደ ሰው «ማነው?» አይሉም፤ «ሃሎ!» ነው የሚሉት፣ ያውም መስመሩ ሌላ ሰው ይጠብቃል በሚል ዓይነት ድምፅ።

የሚኖሩት በአንድ አሮጌ ፎቅ ምድር ቤት፣ ሁለት ክፍልና አንድ ሰፊ በረንዳ ባለው ቤት ውስጥ ነው። በረንዳው ላይ አበቦቻቸው አሉ። ሟች ባላቸው የተከሉት የጎማ ዛፍ ጣሪያው ጋ ደርሶ አንገቱን ደፍቷል። ከሥሩ ቀይና ነጭ ጄራኒየም፣ ሬት፣ ቅጠሉ እንደ ጥልፍ የሚንጠለጠል ፈርን፣ አንድ እልኸኛ ጽጌረዳም አለ። ገሚሱ በሸክላ ማሰሮ፣ ገሚሱ በቀለም ቆርቆሮ፣ አንዱም እጀታው በተገነጠለ ባልዲ ነው የተተከለው። መያዣው ሁሉ ግን ታቹ የተበሳ ነው። «ጥማትስ ደግ ነው» ይላሉ እትዬ ሃሎ፤ «የተጠማ ቅጠሉን ይጥላል፣ አይተህ ትደርስለታለህ። ውሃ የተኛበት ግን ላዩ ለምልሞ ታቹ ይበሰብሳል። ልክ እንደ ሰው።» ጎረቤት ይህን ሲሰማ ስለ ማን እንደተባለ እያሰበ ወደ ቤቱ ይገባል።

እሳቸው ያልናቁት ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር፤ ታናሽ ወንድማቸው። እናታቸው ስትሞት ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ ስለነበር ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ያኔ ማሙሽ አሉት፤ ዛሬ ራሱ ተመልጦ፣ ቦርጩ ቀበቶውን አልፎ፣ ያው ማሙሽ ነው። ሥራው ቀለም መቀባት ነው። እሱ የቀባው ግድግዳ ዝናብ ሲመታው እንደ እባብ ቆዳውን ገፎ ይጥላል፤ እትዬ ሃሎ ግን «የዛሬ ቀለም ምን ቀለም ነው! የልጁ እጅስ ወርቅ ነበር» ይላሉ።

የማሙሽን ሚስት «ሙሽራዋ» ነው የሚሏት። ካገባት ዘመን ተቆጥሯል፣ ጸጉሯ ሸብቷል፣ እሳቸው ግን አሁንም «ሙሽራዋ መጣች? ሙሽራዋ በልታለች?» እያሉ ነው። ምን አጠፋች ቢባሉ አንድ ነገር አይጠቅሱም። ድምጿ ግን ትንሽ ነው፤ የሚሏትን ሁሉ «እሺ» ትላለች። እትዬ ሃሎ ደግሞ እሺ ከሚል ሰው የሚያናድዳቸው ነገር የለም። «ስልክ ደውላ፣ ስለደወልኩ ይቅርታ ብላ የምትዘጋ ዓይነት ናት» ይላሉ። እሷም ትሰማለች፤ ዝም አይነቅዝም ብላ እቃ ታጥባለች።

እትዬ ሃሎ መጋረጃ ሲሰቅሉ ከወንበር ወድቀው እግራቸውን የተሰበሩ ዕለት፣ ታክሲ በር ላይ ቆሞ፣ ማሙሽ በአንድ በኩል ሹፌሩ በሌላ በኩል ይዘዋቸው፣ እሳቸው ግን ሕመማቸውን ትተው ሙሽራዋን ይጠሩ ነበር።

«ስሚ! አበቦቹን ላንቺ ነው የምተው፤ ሌላ ሰው ስለሌለ ነው።»

«እሺ እትዬ።»

«አፈሩን በጣትሽ ትነኪያለሽ። ሲደርቅ ታጠጫለሽ፤ ውሃው ከሥር እስኪወጣ። ከሥር ሲወጣ ታቆሚያለሽ። ገባሽ?»

«እሺ።»

«እሺ አትበይኝ! ምን አልኩሽ?»

«ውሃው ከሥር እስኪወጣ።»

«በቀቀንም ይህን ያህል ይደግማል» አሉና ታክሲው ውስጥ ገቡ።

የተኙት በዚያው የሥራ ዘመናቸውን በጨረሱበት ሆስፒታል ነው። በሳቸው ቦታ የተተካችው ልጅ በድምፅ ማጉያ ሐኪም ስትጠራ እትዬ ሃሎ አልጋቸው ላይ ሆነው ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፤ «አፍንጫዋን ይዛ ነው የምታወራው? ወይስ የሚሞተው ሰው አነሰ ብለው ነው ያስቀመጧት?» ይላሉ። ሙሽራዋ በየቀኑ በፔርሙስ ሾርባ ይዛ ትመጣለች። ልብሳቸውን ወስዳ አጥባ፣ ተኩሳ ትመልሳለች። እትዬ ሃሎ ይህን ሁሉ ሥራ ከማጣቷ ነው ብለው ቆጠሩት። ማሙሽ አንድ ቀን ብስኩት ይዞ መጣ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እያወራ ብስኩቱን ራሱ ጨርሶት ሄደ። እሳቸውም ለአጠገባቸው በሽተኛ «አየሽልኝ የወንድሜን ፍቅር? ሥራ ጥሎ እኮ ነው የመጣው» አሏት። በሽተኛዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ወደ ቤት የተመለሱት በክራንች ነው። ማሙሽ በሩን ከፍቶ፣ እንደ ሰርግ አጃቢ ጎንበስ ብሎ፣ «ሰርፕራይዝ!» አለ። የበረንዳው ወለል ደማቅ ቀይ ተቀብቷል። ከሆነ ሥራ የተረፈ ቀለም እንደሆነ ከዳር ዳሩ መሳሳት ያስታውቃል፤ እትዬ ሃሎ ግን ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ማሙሽዬ፣ ለኔ ብለህ?» አሉ።

ከእንባው ቀጥሎ የመጣው ሽታ ነው። የሞተ ውሃ ሽታ።

የጎማ ዛፉ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ቀዩ ወለል ላይ ተረፍርፈዋል። የጄራኒየሙ ግንድ ጠቁሮ ለስልሷል። ሬቱ ተልፈስፍሶ ማሰሮው ጠርዝ ላይ ተኝቷል። የእያንዳንዱ ማሰሮ አፍ ኩሬ ሆኖ፣ በኩሬው ላይ የወባ ትንኝ ይጨፍራል። እትዬ ሃሎ በክራንቻቸው ጫፍ አፈሩን ጫን ሲያደርጉት ውሃው ብቅ ብሎ ጫማቸው ላይ ፈሰሰ።

ሙሽራዋ ጆግ ይዛ ጥግ ላይ ቆማለች።

«ምን አድርገሽ ነው?» አሉ እትዬ ሃሎ፤ ለክፉ ቀን ያስቀመጡት ቀዝቃዛ ድምፅ ነበር።

«ያሉኝን ነው እትዬ። ከሥር እስኪወጣ አጠጪ አሉኝ፤ አልወጣም። ጨመርኩ፣ አልወጣም። ኋላ በላይ በኩል ፈሰሰ።»

«በላይ በኩል ፈሰሰ! ሰዎች፣ ስሙልኝ! ባሕር እስኪሆን ጠብቃ፣ መርከብ እስኪመጣ ጠብቃ! ጣትስ አልሰጠሽም ፈጣሪ? ጭቃ ሲሆን አታዪም? ወይስ አንገትሽ ላይ ያለውን የተሸከምሽው ሻሽ ለማሰር ብቻ ነው?»

ሙሽራዋ አንገቷን ደፋች። ማሙሽ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እኔማ ነግሬያት ነበር። ሰው ስትሰማ አይደል» አለና ጫማውን ማየት ጀመረ።

ያን ሁሉ ሐኪም የመዘነው ጆሮ በዚያች ደቂቃ የት እንደሄደ እንጃ። እትዬ ሃሎ የወንድማቸውን ጉሮሮ አልሰሙም። «አንተማ ምን ታድርግ፣ የኔ ጌታ» አሉት። እሱም ሰው ይጠብቀኛል ብሎ፣ ሚስቱን ዓይኗን ሳያይ፣ በሩን እንኳ ሳይዘጋ ተጣድፎ ወጣ።

ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ። እትዬ ሃሎ እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው ተቀመጡና ትእዛዝ ጀመሩ። አሮጌ ጋዜጣና ያረጁ ፎጣዎች ይምጡ። ትንንሾቹ ማሰሮዎች አንድ በአንድ በጎን ይጋደሙ፤ ውሃው ወደ ባልዲ ይንቆርቆር። ሙሽራዋ እጅጌዋን ሰብስባ ያዘነበለችው የመጀመሪያው ማሰሮ ጥቁር ውሃ አስታወከ፤ ሽታው እትዬ ሃሎን መሐረብ አስወጣቸው፣ እሷ ግን ፊቷን እንኳ አላዞረችም።

«አታንቀርቅቢው! አበባ ነው፣ ልጅ አይደለም። ግንዱን በሁለት ጣት መሐል ያዢ። አሁን ገልብጪውና ታቹን መታ መታ።»

ተክሉ ከነአፈሩ ሾልኮ ወጣ። አፈሩን በጋዜጣ ጠቅልላ ስትጫነው ጋዜጣው ወዲያው ራሰ፤ ሌላ ቀየረች። ሥሩ ገሚሱ ቡናማ ሆኖ በጣት ሲነካ ይሟሟል፤ ጥቂቱ ነጭና ጠንካራ ነው።

«ነጩን ተዪ። የሟሟውን ቁረጪ። እንዳትሳሺ፤ የበሰበሰ ሥር ሳስተውለት አይድንም።»

ሙሽራዋ በመቀስ ትቆርጣለች። እትዬ ሃሎ ስድባቸውን አላቆሙም፤ ግን እየተሳደቡ እጇን ያዩ ነበር። ጤነኛውን ሥር አትነካም። ይህ ትንሽ አናደዳቸው፤ ሰው የናቁት ሰው ሥራ ሲያውቅ ደስ አይልም።

ወዲያው ግን ሙሽራዋ ባዶውን የሸክላ ማሰሮ ውስጡን አየችና ቆም አለች። ከዚያ ቶሎ ብላ የራሰ ጋዜጣ ጠቅጥቃበት ከኋላዋ አስቀመጠችው።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ምንም እትዬ። ቆሻሻ ነው።»

«ስጪኝ።»

«እጅዎት ይቆሽሻል—»

«ስጪኝ አልኩሽ!»

እትዬ ሃሎ ጋዜጣውን አውጥተው የማሰሮውን ታች ወደ ብርሃን ገለበጡት። የማሰሮው ቀዳዳ ተደፍኗል፤ ግራጫ ሲሚንቶ። ሲሚንቶው ገና እርጥብ ሳለ አንድ ወፍራም አውራ ጣት ተጭኖታል፣ ጣቱም ቀይ ቀለም ነበረበት። ያው የወለሉ ቀይ። ሁለተኛውን ማሰሮ አስገለበጡ፤ ተደፍኗል። የቀለም ቆርቆሮውም፣ ባልዲውም። አንድም የቀረ የለም።

ሙሽራዋ ፊቷ ግራጫ ሆነ። «እኔ ነኝ» አለች በዚያ ትንሽ ድምጿ። «እኔ ነኝ እትዬ የደፈንኩት። ወለሉ እንዳይበላሽ ብዬ።»

«አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«እስቲ ሲሚንቶ እንዴት ነው የሚቦካው?»

ሙሽራዋ አሰበች። «ውሃ... ሞቅ አድርጎ...»

«እርሾስ አልጨመርሽም?»

እትዬ ሃሎ አውራ ጣቱን አተኩረው አዩት። ይህን ጣት ያውቁታል፤ በልጅነቱ ሲጠባው መራራ ነገር እየቀቡ ያስተዉት ጣት ነው። ቅድም ጫማውን ሲያይ የነበረውን ሰውዬ አስታወሱ። ሚስቱ በሱ ጥፋት ስትረገጥ አጠገቧ ቆሞ፣ «ሰው ስትሰማ አይደል» ያለውን። እንዲህ ያለ ንቀት ለወንድማቸው ተሰምቷቸው አያውቅምና መጀመሪያ ላይ ሕመም መሰላቸው።

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲሉ ሰምቻለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ጅቡ አፍ ውስጥ ሆና ባሏን የምትሸፍን አህያ ግን ዛሬ ገና አየሁ።»

በዚህ ጊዜ ነው ሙሽራዋ የሳቀችው። መጀመሪያ በአፍንጫዋ ነበር። ከዚያ ጭቃ በጭቃ የሆነውን እጇን አፏ ላይ አድርጋ ልትይዘው ሞከረች፤ አልሆነም። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ፣ መቀሱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ትከሻዋ እስኪርገፈገፍ ሳቀች።

«ምን ያስቅሻል?»

«ቤታችንን ቢያዩት እትዬ! ያልደፈነው ምን አለ? የመታጠቢያ ቤቱ ፍሳሽ ሸተተ ብሎ በሲሚንቶ ደፈነው፤ በማግስቱ ገላውን ሲታጠብ ውሃው መኝታ ቤት ገባ። ጫማው ሲንሳፈፍ አይቶ «ቧንቧው ነው» አለኝ። መስኮቱ ያፏጫል ብሎ ዙሪያውን ለጠፈው፤ ይኸው እስከ ዛሬ አይከፈትም። የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ቀዳዳ ቀለም ቀባው፤ የክረምት ልብሴን ያወጣሁት ጀርባውን አስገንጥዬ ነው። ቀለም ቀቢ ይሉታል። ደፋኝ ነው እንጂ!»

እትዬ ሃሎ ወንድሜን ነው እንዲህ የምትዪው ብለው ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ። ቁጣው አልመጣም። የመጣው ሳቅ ነው፤ ከስብራታቸው እስከ ትከሻቸው የሚያማቸው ሳቅ። «ወይኔ እግሬ! ተዪኝ!... ጫማው ተንሳፈፈ?»

«አንደኛው ብቻ። አንደኛው ሰጠመ።»

ሳቁ ሲበርድ እትዬ ሃሎ መሐረባቸውን ለዓይናቸው ተጠቀሙበት። «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?»

«ለማን ልናገር?» አለች ሙሽራዋ። አሁን አትስቅም። «እርስዎ እኔን ሲያዩ ግድግዳ ነው የሚያዩት። ያውም ወንድምዎ የቀባውን ግድግዳ።»

ይህን ያለችው ድምጿን ከፍ ሳታደርግ ነው። ግን ድምጿ ያኔ ትንሽ እንዳልነበረ እትዬ ሃሎ ሰሙ፤ ሲቆጠብ የኖረ ድምፅ ነው። በጆሯቸው የኖሩ ሴት ሆነው ይህን ሁሉ ዘመን ሳይሰሙት መቅረታቸው አሳፈራቸው፤ ራሳቸውን ለአፍታ ልክ ሌላውን እንደሚንቁት ናቁ። ይቅርታ መጠየቅ ግን አልለመዱም፤ በየት በኩል እንደሚጀመርም አያውቁም። ስለዚህ «በይ ጽጌረዳውን አምጪ፤ እሱስ እልኸኛ ነው፣ ይተርፍ ይሆናል» አሉ። ከዚያም ትንሽ ቆይተው፣ ወደ ሌላ እያዩ፣ «ሻይ ካፈላሽ ለራስሽም ቅጂ» ብለው ጨመሩ።

ማሙሽ አመሻሽ ላይ ተመለሰ፤ ነገሩ በርዶ እራት ደርሷል ብሎ ነው። በረንዳው ላይ ማሰሮዎቹ ታቻቸው ወደ ላይ ሆኖ ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ አውራ ጣቱ አለ።

«ማሙሽ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ጉሮሮውን ጠራረገ። አሁን እትዬ ሃሎ ሰሙት፤ እንደ መብረቅ ነው የሰሙት።

«ሸክላው ሲሠራ አብሮ የመጣ ነዋ።»

«የቀለሙ ቆርቆሮስ? እሱንም ሸክላ ሠሪ ነው የሠራው?»

«እትዬ፣ እኔ እኮ... ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር። ከሥር የሚንጠባጠበው ነጠብጣብ አወጣበት። ላንቺ ብዬ ነው፣ ወለልሽ እንዲያምር።»

«ይሁን፣ ወለሉስ ለኔ ነው። ሚስትህ ስትሰደብ ቆመህ የሰማኸው ለማን ብለህ ነው?»

ማሙሽ ወደ ሚስቱ ዞረ፤ እንደ ሁልጊዜው ታስጥለኛለች ብሎ። እሷ ሻይዋን ፉት አለች።

«ሂድ መሰርሰሪያህን አምጣ» አሉት እህቱ። «አንድ በአንድ ትበሳቸዋለህ።»

ላቡ እየተንጠባጠበ፣ ተንበርክኮ፣ ሲሚንቶውን ሲያስወጣ አመሸ። አንዱን ሸክላ ለሁለት ሰነጠቀው። ፈገግ ለማለት ሞክሮ ቀና ሲል እትዬ ሃሎ «እሱንም ድፈነው እስቲ» አሉት። ሙሽራዋ የተሰበረውን ወስዳ ሰባበረችና ገሉን በየቀዳዳው ላይ ደፋችው፤ አፈሩ እንዳይወርድ፣ ውሃው ግን መንገድ እንዲያገኝ። ከዚያ ደረቅ አፈርና አሸዋ፣ ከዚያ የተረፈው ተክል። ለጥቂት ቀን ጠብታ ውሃ አልተሰጣቸውም፤ ጥላ ሥር ተቀምጠው ዝም ተባሉ።

የጎማ ዛፉ አልዳነም። ትልቅ ስለነበር ለመገልበጥ ሦስት ሰው ፈጅቶ፣ ሥሩ ሲታይ ገንፎ ሆኗል። እትዬ ሃሎ ሲጣል አላዩትም፤ ወደ ውስጥ ገብተው ራዲዮ ከፈቱ። ሬቱም ሄደ። ፈርኑ አንድ ቅጠል ይዞ ቀረ። ጄራኒየሙን ሙሽራዋ ከጤነኛው ጫፍ ጫፉን ቆርጣ እንደገና ተከለችው፤ ያዘ። ጽጌረዳው ለወራት እንደ ደረቅ እንጨት ተገትሮ ቆይቶ አንድ ቀን በጎኑ ቀይ ነጥብ አወጣ። የበረንዳው ቀለም ግን ዝናቡን አልቻለም፤ ተላጠ።

ማሙሽ ለሰው ሁሉ «ሴቶቹ ተባብረውብኛል» እያለ አወራ። እህቱ አሁንም ይወዱታል፤ ሲመጣ ያበሉታል፣ ሲያስል ልብስ ደርብ ይሉታል። ስለ እጁ ወርቅነት ግን ማውራት ትተዋል። ቤታቸው አንድ ነገር ሲበላሽ «አንተ አትንካው» ነው የሚሉት፤ እሱም ባለመንካቱ ተደስቶ ሶፋው ላይ ይጋደማል።

እሱ ሲጋደም ሁለቱ ሴቶች በረንዳ ላይ ናቸው። በቅርቡ ከመንገዱ ማዶ ያለችው ፀጉር ሠሪ ሱቋ በር ላይ ረጃጅም ነጫጭ ማሰሮ ደርድራ፣ የፕላስቲክ አበባ ሰክታባቸዋለች። ከሰዓት በኋላ ወጥታ ከአቧራው ለማጽዳት በጣሳ ውሃ ታፈስስባቸዋለች።

«እዪያት፣ እያጠጣች ነው» አሉ እትዬ ሃሎ።

«ያድጉ ይሆናል» አለች የወንድማቸው ሚስት።

«ደንበኞቿስ? እነሱንም እንዲሁ ነው የምትሠራቸው። ባለፈው አንዷ ስትወጣ አይቻለሁ፤ የተነቀለ በቆሎ መስላ።»

«እኔስ ያቺን ሴትዮ ቀና ብዬ ለማየት ፈርቼ፣ ጫማዋን አይቼ ነው ሰላም ያልኳት።»

እትዬ ሃሎ በረጅሙ ሳቁና ወንበራቸውን ወደ እሷ ጠጋ አደረጉት፤ ማዶው ከሷ በኩል የተሻለ ይታይ ነበርና።